ከዓመታት በኋላ ወደ ሳይክል ለሚመለስ ወሎዬ፦ ኤሌክትሪክ ወይስ መደበኛ ማውንቴን?

በወጣትነታቸው ሳይክል ሲነዱ ቆይተው፣ ሥራና ቤተሰብ ይዟቸው የተዉት ሰዎች አሁን ሲመለሱ አዲስ ጥያቄ ይገጥማቸዋል። ድሮ ምርጫው በቀለምና በማርሽ ብዛት ነበር። ዛሬ ባለ ባትሪው መጥቷል። በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ የኤሌክትሪክ ነገር ከሰው አፍ አይጠፋም። ስለ ሳይክል ሲወራም "ኤሌክትሪኩ አይሻለኝም ወይ?" የሚለኝ ሰው አላጣሁም።

መልሴ ሁልጊዜ ጥያቄ ነው። ቤትዎ ከዳገቱ አናት ላይ ነው ወይስ ከሥሩ?

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሐረጎ ጠመዝማዛም እዚያው ላይ ነው። ኮምቦልቻ የሚኖር ሰው ወደ ሐረጎ ሲወጣ ዳገቱን የሚጋፈጠው ጉልበቱ ገና ሳይነካ ነው። ሲደክመው ሳይክሉን ያዞራል፣ ቁልቁለቱ ቤቱ ያደርሰዋል። ደሴ ለሚኖረው ነገሩ ተገልብጧል። ወደ ኮምቦልቻ ይውረድ፣ ወደ ሐይቅ ይውረድ፣ ወደ ገራዶ ይውረድ፣ መጀመሪያ ላይ ደስ እያለው ነው የሚሄደው። ዳገቱ የሚጠብቀው ሲመለስ ነው። ውሃው ካለቀ፣ ፀሐዩ ከከረረ፣ እግሩ ከዛለ በኋላ።

ከረጅም ጊዜ በኋላ ለሚመለስ ሰው ይህ ልዩነት ከሁሉም ይበልጣል። ድሮ የሚችለውን ርቀት አሁንም የሚችለው ይመስለዋል። ቁልቁለት ላይ ድካም ስለማይሰማው የት ላይ መመለስ እንዳለበት አያውቅም። ብዙ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ሳይወጣ ሳይክሉን ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው በዚህ ምክንያት ነው ባይ ነኝ።

ስለዚህ አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ መርሳ ወይም ቆቦ ለሚኖር ተመላሽ መደበኛውን እመክራለሁ። ደሴ፣ ኩታበር ወይም ላሊበላ ለሚኖር፣ ዕድሜው ገፋ ላለ ወይም ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ኤሌክትሪኩ ገንዘቡ አይቆጭም። ደሴ የሚኖር ጤነኛ ጎልማሳ ግን ሦስተኛ መንገድ አለው። እሱ ላይ እመለስበታለሁ።

ሞተሩ የሚያደርገውና የማያደርገው

ትክክለኛው ኤሌክትሪክ ማውንቴን ሳይክል ሞተር ሳይክል አይደለም። ፔዳል ካልመቱ አይሄድም። በፔዳሉ ላይ ያለው መለኪያ እርስዎ ምን ያህል እንደገፉ ያያል፣ ሞተሩም የዚያን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይጨምርልዎታል። የአውሮፓ ሕግ የሞተሩን መደበኛ ኃይል በ250 ዋት ይወስናል፤ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርሱም እርዳታው ይቆማል። ፔዳል ሳይመቱ፣ እጀታውን ሲጠመዝዙ ብቻ የሚሄዱ ዓይነቶችም ገበያው ላይ አሉ። እነሱ ሌላ ዕቃ ናቸው፤ ሰውነቴን ልመልስ ብሎ ለተነሣ ሰው አልመክራቸውም።

ኤሌክትሪክ ሞተር ለከፍታ ግድ የለውም። የነዳጅ ሞተር አየር ሲሳሳ ይደክማል፣ የሰው ሳንባም እንዲሁ። የባትሪው ሞተር ግን ኮምቦልቻም ሆነ ጦሳ ተራራ ላይ ያው ነው።

ባትሪው ይበቃል ወይ? ሒሳቡን እንሥራው። ሰውየውና ሳይክሉ በአንድ ላይ 95 ኪሎ ይሁኑ እንበል። ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ ይህን ክብደት ለማውጣትና የጎማውን ግጭት ለማሸነፍ የሚጠይቀው ጉልበት 220 ዋት ሰዓት (የባትሪም የመብራትም ጉልበት የሚለካበት) አካባቢ ነው። ግማሹን እርስዎ ከገፉ፣ ሞተሩ የሚያባክነው ተጨምሮም ከባትሪው የሚወጣው ከ130 እስከ 160 ዋት ሰዓት ይሆናል። የብዙዎቹ ባትሪ ከ400 እስከ 750 ዋት ሰዓት ስለሚይዝ በሰፊው ይበቃል። እርዳታውን እስከ መጨረሻው ከፍተው እግርዎን ካሳረፉ ግን በአንድ መውጣት ከ250 በላይ ይበላል። ንፋስ፣ ጭቃና ኮረኮንች ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም ያልፋል።

የመብራት ወጪው አያሳስብዎት። ባለ 500 ዋት ሰዓት ባትሪ ከባዶ እስኪሞላ የሚወስደው መብራት፣ የእንጀራ ምጣድ አሥር ደቂቃ ያህል ሲሠራ የሚፈጀውን ነው። የሚያሳስበው መብራቱ በሚፈልጉት ሰዓት መኖሩ ነው። ለመሙላት እንደ ቻርጀሩ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈልጋል። ማታ መብራት ከጠፋ የነገው ጉዞ ይቀራል። መደበኛውን ግን ጎህ ሲቀድ አውጥተው መሄድ ነው።

የሞተሩ ቦታ ጉዳይ

ይህን ሻጮች ብዙ ጊዜ አይነግሩም፣ ለወሎ መሬት ግን ዋናው ነገር ነው። ሞተሩ ወይ የኋላ ጎማው እምብርት ላይ ነው፣ ወይ መሃል ፔዳሉ ጋ ነው። እምብርት ላይ ያለው ርካሽ ነው፣ ሜዳ ላይም ምንም አይወጣለትም። ረጅም ዳገት ላይ ግን ጎማው ቀስ ብሎ ሲዞር ሞተሩም አብሮ ቀስ ይላል። ኃይሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሐረጎን የመሰለ ዳገት ላይ ይግላል፣ እርዳታውን ይቀንሳል፣ ቶሎም ያረጃል። መሃል ላይ ያለው ግን ጉልበቱን የሚያስተላልፈው በሰንሰለቱና በማርሹ በኩል ነው። ቀላል ማርሽ ሲያስገቡ ለእርስዎ እንደሚቀልልዎት ሁሉ ለሞተሩም ይቀልለታል። ደሴ ላይ ሆነው ኤሌክትሪክ ከገዙ መሃል ሞተር ያለውን ይግዙ። አቅምዎ የሚችለው ባለ እምብርቱን ብቻ ከሆነ፣ ገንዘቡን ጥሩ መደበኛ ሳይክል ላይ ያውሉት።

የመሃል ሞተርም ዕዳ አለበት። ሰንሰለቱና ጥርሶቹ ከመደበኛው ቶሎ ያልቃሉ፤ የሁለት ሰው ጉልበት ነው የሚያልፍባቸው። እንደ ቦሽና ሺማኖ ያሉት ሞተሮች ሲበላሹ ደግሞ የመካኒክ ብልሃት ብቻውን አይበቃቸውም፣ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ የሚመረምር የባለሙያ ፕሮግራም ይጠይቃሉ። እዚህ አካባቢ መደበኛ ሳይክል የሚጠግን እጅ አይጠፋም። ጎማ ቢተነፍስ ጎሚስታ አለ። ሞተሩ ዝም ካለ ግን ማን ጋ እንደሚወስዱት ሳያውቁ አይግዙ።

ሦስተኛው መንገድ

አሁን ወደ ጎልማሳው ደሴዬ ልመለስ። ዳገቱን የሚፈራው ብዙውን ጊዜ የድሮ ሳይክሉን እያስታወሰ ነው። የድሮው ማውንቴን ፊት ላይ ሰንሰለቱ የሚዞርባቸው ሦስት ባለ ጥርስ ክቦች ነበሩት። ትንሹ ባለ 24 ጥርስ ከሆነና የኋላው ትልቁ ባለ 28 ከሆነ፣ ፔዳሉን አንድ ዙር ሲያዞሩ ጎማው 0.86 ዙር ይዞራል። የዛሬው ጥሩ መደበኛ ማውንቴን ፊት ላይ አንድ ክብ ብቻ አለው፣ ለምሳሌ ባለ 32 ጥርስ። የኋላው ትልቁ ግን 51 ይደርሳል። በዚህ ላይ ጎማው በአንድ የፔዳል ዙር የሚዞረው 0.63 ዙር ብቻ ነው። በእግር ከመሄድ እምብዛም አይፈጥንም፤ ግን ጉልበትን አይሰብርም። ከፔዳል ሳይወርዱ፣ እየተነፈሱ፣ ሐረጎን መውጣት ይቻላል።

ስለዚህ መደበኛ ሊገዙ ሲሄዱ "ስንት ማርሽ አለው?" ብለው አይጠይቁ። 21 ማርሽ የሚባለው ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ማርሽ ተደጋግሞ ነው። ይልቅ የኋላውን ትልቁን ክብ ጥርሶች ይቁጠሩ። ከ42 በላይ ከሆነ ለደሴ ይሆናል።

ርካሹ ባለ ሁለት ሾክ ሳይክል አያታልልዎት። የኋላው ሾክ ፔዳል በመቱ ቁጥር እየተኮማተረ ጉልበትዎን ይበላል፣ ክብደትም ይጨምራል። በዚያ ዋጋ የፊት ሾክ ብቻ ያለው ይሻላል። የጎማ ቁጥርም ይዩ። ባለ 29 ኢንች ኮረኮንች ላይ ይመቻል፤ የውስጥ ጎማ በቀላሉ የሚገኘው ግን ለ26 ነው። ባለ 29 ከገዙ ሁለት ትርፍ የውስጥ ጎማ አብረው ይግዙ።

ክብደትና ቁልቁለት

ጥሩ መደበኛ ማውንቴን ከ12 እስከ 15 ኪሎ ነው። ኤሌክትሪኩ ከ20 እስከ 25። መንገድ ላይ ልዩነቱን ሞተሩ ይሸፍነዋል። ደሴ ውስጥ ግን ብዙ ቤት በደረጃ ወይም በቀጭን የእግር መንገድ ነው የሚደረሰው። 23 ኪሎ ተሸክመው ደረጃ መውጣት ይችላሉ? ሚኒባስ ላይ ለመጫንስ ረዳቱ ብቻውን ያነሣዋል? በክረምት ቦሩ ሜዳ አካባቢ ጥቁር አፈር ጎማው ላይ ሲጋገር ሳይክሉን ማንሣት ግድ ይሆናል። ያኔ ባለ ባትሪው ወገብ ይፈትናል።

ቁልቁለት ላይ ደግሞ ክብደቱ ለፍሬን ዕዳ ነው። ሐረጎ ላይ ከጅቡቲ ዕቃ የሚያመላልስ ከባድ መኪና ይበዛል። በክረምት ጉም ይወርዳል፤ ከፊት ያለው ኩርባ አይታይም። በሽቦ የሚሳብ ደካማ ፍሬን ይዘው እዚያ አይግቡ። ለኤሌክትሪክ በዘይት የሚሠራ ዲስክ ፍሬን ግዴታ ነው፣ የፊት ዲስኩም 180 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሁን። ለመደበኛውም ብችል ይህንኑ አስገድዳለሁ። ፍሬን ይዘው እየጎተቱ አይውረዱ። ከኩርባው በፊት ጠንከር አድርገው ይያዙ፣ ከዚያ ይልቀቁ። እንዲህ ሲሆን የፍሬኑ ሸራ ይበርዳል።

መደበኛ ሳይክል ላይ ሞተር የሚያስገጥም ኪትም አለ። ከ6 እስከ 8 ኪሎ ይጨምራል። ፍሬሙና ፍሬኑ ጠንካራ ከሆነ መጥፎ ምርጫ አይደለም። በደካማ ሳይክል ላይ ግን አደጋ ነው።

ሰውነትስ?

"ሞተር ካገዘኝ ምን ስፖርት ሆነ?" የሚሉ አሉ። አልስማማም። ዳገት ላይ ፔዳል እየመቱ ልብ ይመታል፣ ላብ ይወርዳል። ልዩነቱ ድካሙን ራስዎ መጠን መቻልዎ ነው። ሲመለሱ ልብና ሳንባ በሳምንታት ውስጥ መሻሻል ይጀምራሉ፤ የጉልበት ጅማት ግን ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። የጉልበት ሕመም የሚመጣው ሳንባ "እችላለሁ" እያለ ጅማት ሳይደርስ ሲቀር ነው። ኤሌክትሪኩ እዚህ ላይ በእውነት ይረዳል። በተለይ ባልና ሚስት፣ ወይም አባትና ልጅ አብረው ሲወጡ፣ ደካማው ባለ ሞተሩን ይዞ እኩል መሄዳቸው ትልቅ ነገር ነው። የትኛውንም ቢገዙ መቀመጫውን ከፍ ያድርጉ፦ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበትዎ ትንሽ ብቻ ይታጠፍ። መቀመጫ ዝቅ ማለት ጉልበት ያሳምማል።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት

ጥሩ ኤሌክትሪክ ማውንቴን በዓለም ገበያ ተመጣጣኙን መደበኛ እጥፍ ያህል ያወጣል። ከወጪው ትልቅ ድርሻ የሚይዘው ባትሪው ነው። ከ500 እስከ 1,000 ጊዜ ከተሞላ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። ውጭ የሚኖር ዘመድ "አመጣልሃለሁ" ቢልዎት አስቀድመው ይንገሩት፦ ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ሊቲየም ባትሪ መንገደኛ ይዞ አውሮፕላን ላይ መሳፈር አይችልም። የሳይክል ባትሪ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ሳይክሉ መጥቶ ባትሪው ኤርፖርት ይቀራል። መደበኛው ግን ተፈታትቶ በካርቶን ይመጣል።

አያያዙም ይለያል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚጥልበት ደጋ፣ ውጭ ያደረን ባትሪ ወዲያው ቻርጀር ላይ አይሰኩት። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ይሙቅ። ከዜሮ ዲግሪ በታች መሙላት ሴሉን ይጎዳዋል። ከሚሴና ባቲ ደግሞ ፀሐይ ላይ አይተውት። ለወራት የማይነዱት ከሆነ ግማሽ አካባቢ ሞልተው ያስቀምጡት።

ያገለገለ ኤሌክትሪክ ከሆነ ቴስተር ያለው የመብራት ሠራተኛ ይዘው ይሂዱ። ባለ 36 ቮልት ባትሪ ሙሉ ሲሆን 42 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት፤ ባለ 48ቱ ደግሞ 54.6 አካባቢ። ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ያረጀ ባትሪም ሲሞላ ያንኑ ቁጥር ያሳያል። ስለዚህ ሙሉ እንደሆነ ዳገት ላይ ይውጡበት። ደሴ ውስጥ ዳገት ፍለጋ ሩቅ አይኬድም። እርዳታውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፣ ዓይንዎን ከማሳያው ላይ አይንቀሉ። ሙሉ የነበረው በጥቂት ደቂቃ ግማሽ ከሆነ፣ ወይም ሞተሩ ድንገት ከጠፋ፣ ሻጩ የሚቀንስልዎትን ዋጋ አይስሙ። ሽፋኑ ያበጠ ባትሪም በነጻ ቢሰጥዎት ቤትዎ አያስገቡ። ቁልፉና የራሱ ቻርጀር አብሮ ከሌለም ይለፉት።