ልጄን እንዴት እንደማነሣት ላስተማረችኝ ነርስ

አዳማ ውስጥ ቤት ለቤት እየሄደች ሕመምተኛ የምትከታተል ነርስ የምትፈልጉ ካላችሁ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ስሟን እንዳልጽፍ ስላስጠነቀቀችኝ እዚህ «ሲስተር» ብቻ እላታለሁ። ስልኳን ግን ለጠየቀኝ ሁሉ በግል እሰጣለሁ፤ ይህንን ፈቅዳልኛለች።

የሦስት ዓመቷ ልጃችን የተወለደችው በልቧ የታችኛው ክፍል ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ይዛ ነው። ስትጠባ ላብ ያጠምቃት ነበር፤ ኪሎዋም አልጨምር ብሎ አስቸገረን። ወረፋዋ ደርሶ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ በሚገኘው የልብ ማዕከል ደረቷ ተከፍቶ ቀዳዳው ተደፈነ። ለሐኪሞቹ ምስጋናዬን በአካል አድርሻለሁ። በፈጣኑ መንገድ ስንመለስ ባለቤቴ የልጅቷን ትንፋሽ እየቆጠረች፣ እኔም የባለቤቴን ፊት በመስታወት እያየሁ አዳማ ገባን።

ሲስተር በማግስቱ መጣች። ልጄን ለማሳየት ብብቷን ይዤ ብድግ ሳደርጋት እዚያው አስቆመችኝ። ለካ የደረቷ አጥንት መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ በሽቦ የታሰረ ነው፤ እስኪገጥም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈልጋል። እጇን መጎተትም ሆነ በብብቷ ማንሣት አይቻልም። አንድ እጅ ከመቀመጫዋ ሥር፣ አንዱ ከትከሻዋና ከማጅራቷ ኋላ ሆኖ ታቅፋ ነው የምትነሣው። ልጅቷን መልሳ ከመስጠቷ በፊት በ10 ኪሎ የጤፍ ዱቄት ደጋግማ አለማመደችን። ሸሚዜ ነጭ በነጭ ሆነ።

ትልቁ ፈተና እናቴ ነበረች። ስድስት ልጆች አዝላ ያሳደገች ሴት አንቀልባዋን አጥባ፣ ለቁስሉም ለጋ ቅቤ አዘጋጅታ ነበር የጠበቀችን። ሲስተር አልተቆጣችም። በረንዳ ላይ ቡናውን እስከ ሁለተኛው ጠጣች፣ ስለ አራስነት ዘመኗ ጠየቀቻት፣ ከዚያ «እማማ፣ ቅቤውን ገንፎዋ ላይ ያድርጉላት፤ ቁስሉ ግን ደርቆ ነው የሚድነው። ሲያዝሏት ደግሞ ደረቷ ጀርባዎ ላይ ይጫናል፤ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይታገሡኝ» አለቻት። እናቴ «እሺ ልጄ» አለች። ያንኑ ቃል እኔ ብናገረው ኖሮ ሦስት ቀን ታኮርፈኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊጠይቅ የመጣውን ሁሉ በር ላይ «ጉንፋን አለብህ?» እያለች የምትመረምረው እርሷ ሆነች፤ የእጣኑንም ጭስ ከቤት አስወጣች።

አንድ ስሕተቴን ልናገር። ሽንት የሚያሸናውን ክኒን በ10 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሙተን 2 ሚሊ ሊትር እንድንሰጣት ነበር የታዘዘው። እኔ ግን የሻይ ማንኪያ ይዤ ቀረብኩ። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ያህል እንደሚይዝ የነገረችኝ ሲስተር ናት። መርፌ የሌለው ስሪንጅ ሰጥታኝ ዓይኗ እያየ ሦስት ጊዜ አስለካችኝ።

በዘጠነኛው ሌሊት ልጅቷ 38.4 አተኮሰች። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ደወልኩ። «ይንጋ» አላለችም፤ «አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዳት፣ ቀዶ ሕክምና መደረጓን ከሁሉም አስቀድመህ ተናገር» አለችኝ። ተመርምራ ጉንፋን ብቻ መሆኑ ታወቀ። በማግስቱ አንዲት ጎረቤታችን «እንጥሏ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥላት» ስትል ሲስተር ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿን ከፍ አደረገች። በእንጥል ቆራጭ ምላጭ ደም ውስጥ የገባ ጀርም አዲስ የተጠገነ ልብ ላይ ሊሰፍር እንደሚችል፣ የልጅቷ ጥርስ በየቀኑ መጽዳት ያለበትም ለዚሁ እንደሆነ ያን ዕለት ገባኝ።

እንከን አላት? ታረፍዳለች። አሥር ሰዓት ካለች አሥራ አንድ ተኩል ብላችሁ ያዙት፤ ከሥራዋ ወጥታ ነው የምትመጣው። ፎቶ ማንሣትም አትፈቅድም። ዋጋዋን አስቀድማ ትናገራለች፣ ከተናገረችውም ሳንቲም አትጨምርም። እናቴ መቀነቷን ፈትታ የሰጠቻትን እንኳ አልተቀበለችም፤ የወሰደችው አንድ ሙልሙል ዳቦ ነው።

ልጃችን ሐኪሙ ፈቅዶላት አሁን ግቢውን በሩጫ ታምሰዋለች። አንቀልባው ተፈቅዶ ሳለ እርሷ እምቢ አለች።

ለሲስተር ጠዋት አትደውሉ፣ ሥራ ላይ ናት። የሆስፒታል መውጫ ወረቀታችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ ደውሉ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እርሱን ነው።