ከሲቪ በፊት የማሻሻያ ማመልከቻ የሚያስሞሉ ባለሙያ

ምስጋናችን አሜሪካ ውስጥ በአንድ የቻይልድ ሰፖርት (የልጅ ቀለብ) ቢሮ፣ ልጆቻቸው አብረዋቸው የማይኖሩ ወላጆችን ሥራ ለማስያዝ ለሚደክሙ የኬዝ ባለሙያ ነው። ሥራ አጥቶ የልጅ ቀለብ የተወዘፈበት ሰው እንዲህ ያለ ባለሙያ ካገኘ አይልቀቅ።

መጀመሪያ የሚጠይቁት ሲቪ አይደለም። «ሥራ የቆመው መቼ ነው? የቀለብ ክፍያው እንዲቀነስ የማሻሻያ ማመልከቻ አስገብተዋል?» ይላሉ። በ1986 በወጣው የፌዴራል ሕግ ቀኑ ያለፈ ክፍያ ወደ ኋላ ተመልሶ አይቀነስም፤ ዳኛው ቢያዝኑ እንኳ ማሻሻል የሚችሉት ማመልከቻ ገብቶ ሌላኛው ወላጅ እንዲያውቀው ከተደረገ በኋላ ያለውን ብቻ ነው። «ሥራ ላግኝና እጠይቃለሁ» ብሎ አራት ወር የቆየ ሰው አራቱንም ወር በድሮው ደመወዝ ልክ ይከፍላል። ስለዚህ የስንብት ደብዳቤ፣ የመጨረሻ ፔይ ስታቦች (የደመወዝ ወረቀቶች)ና የሥራ አጥነት ክፍያ ወረቀት ተያይዘው ማመልከቻው ያኔውኑ ይገባል።

ቀጥሎ መንጃ ፈቃድ ነው። በውዝፉ ምክንያት ታግዶ ከሆነ የክፍያ ስምምነት ተፈርሞ እገዳው እንዲነሳ ይጠይቃሉ፤ ያለ መንጃ ፈቃድ በመኪና የሚሠራ የዴሊቨሪ ሥራ አይታሰብም። (ውዝፉ ከ2,500 ዶላር ካለፈ የአሜሪካ ፓስፖርትም ይከለከላል፤ ብዙ ሰው ይህን የሚሰማው ቲኬት ከቆረጠ በኋላ ነው።)

በጣም ያደነቅነው ግን ሰው ከተቀጠረ በኋላ አለመተዋቸውን ነው። አሠሪው አዲስ ቅጥር የሚያሳውቀው እስከ 20 ቀን ባለው ጊዜ ነው፣ ቀለቡ ከደመወዝ እንዲቆረጥ የሚያዘው ትእዛዝ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቼኮች ላይ ምንም ላይቆረጥ ይችላል፤ «ራሱ ይቆረጣል» ያለ ሰው ሥራ ይዞም ውዝፍ ይጨምራል። ክፍተቱን በራስ መክፈል ያስፈልጋል፣ እሱም የኬዝ ቁጥር ተጽፎበት በስቴቱ የክፍያ ማዕከል በኩል። ለልጁ እናት በእጅ ወይም በዜል (በስልክ የባንክ ገንዘብ መላኪያ) የሰጡት ብዙ ጊዜ እንደ ስጦታ ይታያል። ኡበር ለሚነዳ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቆርጥለት የለም፣ ራሱ ይመድብ።

ሥራ ከመቀበል በፊትም ያሰላሉ። ግብርና ሌሎች ግዴታዎች ከተቀነሱ በኋላ ከሚቀረው ደመወዝ ሌላ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው እስከ 50፣ የማያስተዳድር እስከ 60 በመቶ ሊቆረጥበት ይችላል፤ ከ12 ሳምንት ያለፈ ውዝፍ ካለ 5 በመቶ ይጨመራል። በቀረው ቤንዚንና ኪራይ ካልተሸፈነ ሥራው አይሰነብትም።

ባለሙያዋ የማንኛችሁም ጠበቃ አይደሉም፤ የፍርድ ቤት ጥሪ ካለ ራሳችሁ ቅረቡ። በየአካባቢያችሁ ቢሮ ስትደውሉ «ለከፋይ ወላጆች የሥራ ድጋፍ አላችሁ?» በሉ። ከሌለ ሥራ ፈላጊዎችን ወደሚያግዘው አሜሪካን ጆብ ሴንተር ሂዱ፣ ማመልከቻውን ግን አስቀድማችሁ አስገቡ።