ቀዩን ምልክት ተከትዬ የወጣኋቸው በሮች፦ ትሬሞላ፣ ፕራገል እና ግሮሰ ሻይዴግ

የተወለድኩት ደብረ ሲና ነው። ተራራ ለመንገደኛ የሚያሳልፍበትን ቦታ እኛ «በር» እንለዋለን፤ የእኛው ከከተማው በላይ ያለው ጣርማ በር ነው። ልጅ ሆኜ ቆሎ በጣሳ ይዤ የአውቶቡስ መስኮት ሥር እቆም ነበርና መንገዱን ከዓይኔ ይልቅ በጆሮዬና በአፍንጫዬ ነው የማውቀው። በከባድ ማርሽ እያቃሰተ የሚወርድ ተሳቢ፣ የጋለ ፍሬን ሽታ፣ ጉሙ ውስጥ ሳይታይ የሚጮህ ጡሩምባ። በዚያ ዳገት ብስክሌት የሚነዳ ሰው አይቼ አላውቅም። እኔ ልሞክር ብል እናቴ በር ላይ ትተኛ ነበር።

አሁን የምኖረው ስዊዘርላንድ፣ ሉሰርን ነው። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሲሆን ፈረቃዬ ብዙ ጊዜ የሌሊት ነው። ከአራት ዓመት በፊት ብስክሌት ስገዛ ተሳቢ ባለበት ዳገት ላልወጣ ለራሴ ቃል ገባሁ። ያንን ቃል እንድጠብቅ ያስቻለኝን አገልግሎት ነው ዛሬ የምገመግመው፤ ስዊዘርላንድ ሞቢሊቲ የሚባለውን የምልክትና የካርታ አገልግሎት።

አሠራሩ ቀላል ነው። በመላው አገሪቱ መስቀለኛ መንገድ ላይ ብስክሌት የተሳለበት ቀይ ምልክት ተተክሏል። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 በዘጠኝ አገር አቀፍ መስመሮች ነው። ባለ አንድ አሃዝ ቁጥር ካያችሁ መስመሩ አገር አቋራጭ ነው፣ ባለ ሁለት አሃዙ የክልል፣ ባለ ሦስት አሃዙ የአካባቢ ነው። ካርታውን በስልክ በነፃ ታያላችሁ፤ ዳገቱ የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚከፋ በመስመር ተስሎ ይታያል። የራሳችሁን መስመር ስላችሁ ማስቀመጥ ከፈለጋችሁ ዓመታዊ ክፍያ አለው፤ እኔ ከፍዬ አላውቅም፣ ያስፈለገኝም ጊዜ የለም። ቀዩን ሰሌዳ መከተል ብቻ በቅቶኛል። ጀርመንኛዬ ገና በነበረበት ወቅት እንኳ ሰው ሳልጠይቅ ከሉሰርን ወጥቼ በሰላም ተመልሻለሁ። ለስደተኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

መጀመሪያ የወጣሁት ትሬሞላ የሚባለውን አሮጌ መንገድ ነው። ከባዝል ተነስቶ ኪያሶ የሚደርሰው 3 ቁጥር መስመር የጎትሃርድን ተራራ የሚሻገረው በዚህ ነው። ከሉሰርን በባቡር አይሮሎ ወረድኩ። በመስኮት በኩል ከተቀመጣችሁ ቫሰን ላይ ያለችውን ነጭ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ጊዜ ታያላችሁ፤ ሐዲዱ ተራራው ውስጥ እየዞረ ስለሚወጣ አንዴ ከበላይ፣ አንዴ በትይዩ፣ አንዴ ከበታች ትታያለች። አይሮሎ 1,175 ሜትር ላይ ነው፣ የጎትሃርድ በር ደግሞ 2,106። በዚህ መካከል እ.ኤ.አ. ከ1827 እስከ 1832 የተሠራው አሮጌ መንገድ በድንጋይ ንጣፍ እንደ ተጣጠፈ ነጠላ ተራራው ላይ ተነጥፏል። ሸለቆው ውስጥ ብቻ 24 ኩርባ አለው።

ይህ መንገድ ጸጥ ያለው ሰው ረስቶት አይደለም። በ1980 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ) 16.9 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የመኪና ዋሻ ከሥር ተከፈተ። ከዋሻው ሌላ ወደ በሩ የሚወጣ ሰፊ አዲስ መንገድ አለ። በ2016 ደግሞ 57 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የባቡር ዋሻ ተጨመረ። ጭነቱ ሁሉ ወደ ምድር ውስጥ ገባና ድንጋዩ ለእኛ ቀረ። ከሦስተኛው ኩርባ በላይ ስትደርሱ የሚሰማው የራሳችሁ ትንፋሽና የውሃ ድምፅ ነው። አዲሱ መንገድ ግን ማዶ ላይ ይታያል፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሞተር ብስክሌቶቹ ድምፅ ተሻግሮ ይመጣል። ስለዚህ በማለዳ ወይም በሥራ ቀን ሂዱ። የሌሊት ፈረቃ ለዚህ ጠቅሞኛል፤ የእረፍት ቀኔ ማክሰኞ ይውላል።

አብሮኝ የወጣው ጓደኛዬ የመቀሌ ልጅ ነው። መቀሌ የብስክሌት ከተማ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ግርማይ የወጣው ከዚያ ነው። ጓደኛዬ በቀጭን ጎማ መጥቶ ነበርና ድንጋዩ እጁን አደነዘዘው። «ወንድሜ፣ ይሄ መንገድ ጥርስ አለው» አለኝ። እኔ 32 ሚሊ ሜትር ጎማ፣ ነፋሱን ትንሽ ቀነስ አድርጌ ነው የሄድኩት፤ እናንተም እንደዚያ አድርጉ። ደግሞ ውጡበት እንጂ አትውረዱበት። ዝናብ የነካው ድንጋይ ቁልቁለት ላይ ያንሸራትታል። እኛ በሰሜን በኩል ወደ አንደርማት ወረድን፤ ከአንደርማት እስከ ጎሸነን ያለውን ጠባብ ገደል በትንሿ ባቡር አሳለፍነው። እዚያ መኪና ይበዛል፣ ቃሌም ቃል ነው።

ፕራገልን አላስረዝምም። 1,550 ሜትር አካባቢ ነው፣ ከሙኦታታል በኩል ዳገቱ ያለ ርኅራኄ ይቆማል፤ ሁለት ቦታ ወርጄ ገፍቻለሁ። ዋጋው ግን በግላሩስ በኩል ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ለሞተር ተሽከርካሪ ዝግ ስለሆነ እስከ ክሎንታል ሐይቅ ድረስ መንገዱ የብስክሌተኛና የእግረኛ ነው። ታናሽ እህቴን ይዣት የሄድኩት ወደዚህ ነው። ለእሷ ብስክሌት የተከራየነው ከአንድ ሱቅ ነበር፣ ስሙን አልጠራም። ቁልቁለቱ ሲጀምር የኋላ ፍሬኗ ብረት ለብረት መፋጨት ጀመረ፤ የጎማው ቸርኬ ላይ የሚያርፈው ላስቲክ አልቆ ነበር። ወርደን በእግር ሄድን፣ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል። እህቴ ምንም አላለችኝም፣ እኔ ግን ሳልፈትሽ በማስወጣቴ እስካሁን ይቆጨኛል። የተከራያችሁትን ብስክሌት ከሱቁ በር ሳትወጡ ሁለቱንም ፍሬን በየተራ ያዙና ወደፊት ግፉት። የተያዘው ጎማ ከዞረ አትቀበሉ።

አሁን ወደ ምወደው ልምጣ። ግሮሰ ሻይዴግ 1,962 ሜትር ነው። ከሉሰርን በብሩኒግ በኩል በሚያልፈው ባቡር ማይሪንገን ትወርዳላችሁ፣ 595 ሜትር ላይ፤ 1,370 ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት ይጠብቃችኋል። ለብስክሌቱ የራሱን ትኬት ቁረጡ፤ በበጋ ቦታ ቶሎ ስለሚሞላ ማልዶ የሚነሳውን ባቡር ያዙ። በጋ ስል የእነሱን በጋ ነው፤ እኛ አገር ጃንጥላ የሚወጣበት ሰኔና ሐምሌ እነዚህ በሮች በረዷቸው ተጠርጎ የሚከፈቱበት ነው።

የመጀመሪያው ዳገት ጫካ ውስጥ ነው፤ የራይከንባክ ፏፏቴ ሳይታይ ይሰማል። እዚህ እግራችሁን አትጨርሱ። ሮዘንላውይ ላይ ሸለቆው ይከፈታል፣ መንገዱ ለጥ ይላል፣ በግራና በቀኝ ወንዝና የላም ግጦሽ፣ ከፊት የቬተርሆርን ተራራ በረዶውን ተሸክሞ። እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በሶ በጥብጬ ጠጣሁ፤ ከእናቴ የተላከ በሶ ነው፣ ለዳገት ከእሱ የተሻለ ነገር በየትኛውም የስፖርት ዕቃ ሱቅ አላገኘሁም። ቆሎውም በጀርባ ኪሴ ነበር። ሰማያዊ ሰሌዳ ላይ ቢጫ ጡሩምባ ካያችሁ የፖስታ አውቶቡስ መንገድ ላይ ናችሁ፣ ቅድሚያው የሾፌሩ ነው። ባለ ሦስት ድምፅ ጡሩምባውን ከኩርባው ወዲያ ስትሰሙ ዳር ያዙ። ሾፌሮቹ በእጃቸው ሰላም ብለውኝ ነው ያለፉት።

ሽቫርትስቫልድአልፕ ላይ የግል መኪና ያበቃል። ከዚያ በላይ መንገዱ ጠባብ፣ ዳገቱ ሹል ነው፣ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 500 ሜትር ትወጣላችሁ። በዚያ ሁሉ ዳገት ላይ ያጋጠመኝን ቆጠርኩ፦ ሁለት አውቶቡስ፣ አንድ የገበሬ ትራክተር፣ አራት ብስክሌተኞች። በጣም ቀስ ብዬ ነው የወጣሁት፣ አንዳንዴ ከእግረኛ እኩል። የሚያስቸኩለኝ ጡሩምባ ግን ከኋላዬ አልነበረም። ያ ስሜት ከጣርማ በር ሥር ላደገ ሰው ምን እንደሆነ ለማስረዳት ቃል ያጥረኛል።

ጫፉ ላይ የአይገር ተራራ በድንገት ይታያል፣ ጥቁርና ቀጥ ያለ። ተንፍሼ ሳልጨርስ ለእናቴ ደወልኩ። የት እንዳለሁ ነገርኳት።

«ዳገት ላይ? በብስክሌት?» አለችና ዝም አለች። «መኪናውስ?»

«መኪና የለም እማዬ። ስሚ» ብዬ ስልኩን ወደ ሜዳው ዘረጋሁት። ቆየች።

«ደወል ነው የሚሰማኝ። ቤተ ክርስቲያን አለ?»

«ላሞቹ ናቸው፣ አንገታቸው ላይ ያለው ነው።»

«እሰይ» አለች። ሁለቱን ፍሬኔን ሞከርኩና ወደ ግሪንደልቫልድ ወረድኩ።