«ንጹህ የሆሮ ዶሮ» ብለው የሸጡልኝ ሆሮ አልነበረም፤ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሰሞኑን በቴሌግራም «ንጹህ የሆሮ ጫጩት፣ የ45 ቀን፣ ክትባቱን የጨረሰ» የሚል ማስታወቂያ እየተዘዋወረ ነው። ሆሮ ማለት በወለጋ የሆሮ አካባቢ የሚገኝ የሀበሻ ዶሮ ነው። እኔ እንዲህ ዓይነት ማስታወቂያ አምኜ ጥቅምት ላይ 60 ጫጩት ገዛሁ። አንዱም ሆሮ አልነበረም። ብሬን እስካሁን አላስመለስኩም። ሌላ ሰው እንዳይገባበት ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ለምን ሆሮ እንደፈለግኩ ልንገራችሁ። አክስቴ ተወልዳ ያደገችው ሻምቡ ነው፣ ሆሮ ጉዱሩ ወለጋ። ልጅ ሆኜ ክረምቱን እሷ ጋ ነበር የማሳልፈው። የጓሮዋ ዶሮዎች ዛሬም ዓይኔ ላይ አሉ። ገብስማ፣ ወሰራ፣ ልበ ወርቅ፣ ሁሉም ለየብቻው መልክ ያለው። ጭልፊት ሲያንዣብብ እናትየው አንዲት ድምፅ ታሰማለች፤ ጫጩቶቹ በሙሉ ክንፏ ሥር ይገባሉ። መኖ ገዝቶ የሚሰጣቸው የለም። ጭረው፣ ለቅመው፣ ማታ ቆጥ ላይ ወጥተው ያድራሉ። ሰበታ ትንሽ ጓሮ ያለው ቤት ስንከራይ ያ ነገር ልቤ ውስጥ መጣ። ለልጆቼም እንዲያዩት ፈለግኩ።

ሆሮ በስም የታወቀው ያለ ምክንያት አይደለም። የደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) ግብርና ምርምር ማዕከል በፈረንጆቹ 2008 ላይ ይህን ዶሮ ወስዶ የማሻሻል ሥራ ጀመረ። ከውጭ ዘር ጋር አላዳቀለውም። ከራሱ ከሆሮው ውስጥ ብዙ እንቁላል የሚጥሉትንና ክብደታቸው የተሻለውን እየመረጠ፣ ትውልድ በትውልድ አራባቸው። በኋላም የተሻሻለው ሆሮ ሳሶ፣ ኩሮይለርና ኮኮክ ከሚባሉ የፈረንጅ ዘሮች ጋር በገበሬው ጓሮ ውስጥ ተፈትኗል። ስለዚህ «የተሻሻለ ሆሮ» የሚባል እውነተኛ ነገር አለ። ነጋዴውም የሚጠቀመው ይህንኑ እውነት ነው። ስሙን ጎግል ስታደርጉ ምርምሩ ይመጣላችኋል፤ ልባችሁ ያምናል። የኔም ልብ አመነ።

የአንዱ ጫጩት ዋጋ ገበያ ላይ ለሳሶ ከሚከፈለው እጥፍ ነበር። ግማሹን ቀብድ በሞባይል ባንኪንግ አስገባሁ። «እርባታችሁን ላየው እችላለሁ ወይ?» ብዬ ጠየቅኩ። ሻጩ «እህቴ፣ በሽታ ይገባብናል፤ ጎብኚ አናስገባም» አለኝ። ይህ መልስ ግማሹ ልክ ነው። ጥንቁቅ አርቢ ማንንም ዝም ብሎ ዶሮ ቤት አያስገባም። ግን ጥንቁቅ አርቢ ስልኩን ይዞ ዶሮ ቤቱ ውስጥ ገብቶ በቪዲዮ ያሳያችኋል። ይህን አልጠየቅኩም። መጠየቅ ነበረብኝ። እንቁላል መጣል ሲጀምሩም «እኛው በጥሩ ዋጋ እንረከባለን» አለኝ፤ በጽሑፍ የሰጠኝ ነገር ግን የለም።

ጥቅምት 8 ቀን በሚኒባስ ላካቸው። ካርቶኖቹን ስከፍት ደስ አለኝ። ቀይ አለ፣ ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው አለ፣ ነጭ አለ። «ይኸው፣ እንደ አክስቴ ጓሮ» አልኩ። ማታለያው እዚህ ላይ ነበር።

የሀበሻ ዶሮ ዥንጉርጉር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሻጩም ይህን ማወቃችንን ያውቃል። ስለዚህ ሦስት ዓይነት የፈረንጅ ዶሮ ቀላቅሎ ላከልኝ። ቀዮቹ ሳሶ ነበሩ። መስመር ያላቸው ኮኮክ ነበሩ፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተገኘ ዘር ነው፤ ላላወቀው ሰው ገብስማ ይመስላል። ነጮቹ ደግሞ ከሁሉም የባሱ ናቸው። ቦቫንስ ብራውንን የመሰሉ እንቁላል ጣይ ዘሮች ገና ሲፈለፈሉ በቀለም ይለያሉ። ሴቶቹ ቡናማ ናቸው፣ ወንዶቹ ነጣ ያሉ። ወንዶቹ እንቁላል አይጥሉ፣ ቶሎ ሥጋ አይዙ፤ ስለዚህ በርካሽ ይወገዳሉ። እኔ ከ60ው 22ቱን ነጭ ወንድ በሆሮ ቄብ ዋጋ ገዛሁ።

ይህን ያወቅኩት በራሴ አይደለም። አክስቴ ለገና መጣች። በሩን ከፍቼ በኩራት አሳየኋት። ዝም ብላ ቆማ አየቻቸው። «ልጄ፣» አለችኝ፣ «እነዚህ ሁሉ ወንድማማች ናቸው እንዴ? ቀዩ ሁሉ አንድ ፊት ነው ያለው።» አንዱን ቀይ አንስታ እግሩን አየች። ከዚያ ሌላውን አነሳች። ከዚያ ሌላውን። «እግሩ ሁሉ ቢጫ። ጉትያ ያላት አንዲት እንኳ የለችም። ይሄ ደግሞ በአራት ወሩ የሁለት ዓመት አውራ ያህላል።» እንዳላዝን ብላ ሆሮ አይደለም አላለችኝም። ወጣ ብላ እጇን ታጠበች። እኔ ግን ገባኝ።

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙልኝ። ሃምሳ የሀበሻ ዶሮ ባለበት ሃምሳ ዓይነት መልክ ነው የሚታየው። ሁለት ቀይ አጠገብ ለአጠገብ አቁሙ። የአንዱ ደረት ወርቅማ ሊሆን ይችላል፣ የሌላው አንገት ጠቆር ያለ። የአንዷ ራስ ጉትያ አለው፣ የሌላዋ እባብ ራስ ነው፣ ጉትያ የሌለው ለጥ ያለ። በራሳቸው ላይ ያለውን ቀይ ሥጋ እዩ። በአንዱ ነጠላ ሆኖ እንደ መጋዝ ጥርስ የቆመ ነው፤ በሌላው ዝቅ ብሎ የተደማመረ ነው። እግራቸው ቢጫ፣ ነጭ፣ ጠቆር ያለ ይቀላቀላል። ሳጥን ውስጥ ሦስት ቀለም ካያችሁና በየቀለሙ ያሉት አንድ ዓይነት ከሆኑ፣ ሦስት የፈረንጅ ዘር ነው የተላከላችሁ። እኔ ብዙ ቀለም አየሁና ብዙ ዓይነት መሰለኝ።

አንገተ መላጣ ለምትፈልጉም በዚያው ልንገራችሁ፤ እሱም አሁን በውድ እየተሸጠ ነው። እውነተኛው አንገተ መላጣ ከተፈለፈለበት ቀን ጀምሮ አንገቱ ይታወቃል። «ሲያድግ ይመለጣል» የሚላችሁ ሰው እየዋሸ ነው።

አሁን ስለ ክትባት ካርዱ። ከጫጩቶቹ ጋር ማህተም ያረፈበት ካርድ መጥቶልኝ ነበር። ማሬክስ፣ ፈንግል፣ ጉምቦሮ፣ የእነዚህ የዶሮ በሽታዎች ክትባት ሁሉም ተሞልቷል። ሳላነበው መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ኅዳር ላይ ጠዋት ስነሳ ሁለት ጫጩቶች አንገታቸው ተጠምዝዞ አገኘሁ። ኩሳቸው አረንጓዴ ነበር። በሳምንት ውስጥ 17 ሞቱብኝ። የመጣው የእንስሳት ሐኪም ፈንግል ይመስላል አለና ካርዱን ጠየቀኝ። አውጥቼ ሰጠሁት። ትንሽ አየው፣ ከዚያ መለሰልኝና በጣቱ አንድ መስመር ላይ ጠቆመኝ። የመጀመሪያው የፈንግል ክትባት የተሰጠበት ቀን «ጳጉሜን 6/2017» ይላል። 2017 ላይ ጳጉሜን አምስት ቀን ነበረች። ካርዱ በሙሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ጊዜ የተሞላ ነው። ሰማያዊው ቀለም ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው። በተለያየ ሳምንት የተጻፈ ካርድ እንዲያ አይሆንም። ካርድ ሲሰጣችሁ ቀኑን ቁጠሩ፣ የክትባቱን የምርት ቁጥር ጠይቁ፣ የሰጠውን ባለሙያ ስልክ ጠይቁና ደውሉለት።

ሌላም ወረቀት ነበረው፣ «የዘር ማረጋገጫ»። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሆሮ እንደ ፈረንጅ ውሻ የዘር መዝገብ ያለው አይደለም። ሆሮ፣ ጥሊሊ፣ ጃርሶ፣ ኮንሶ የምንላቸው በየአካባቢያቸው ብዙ ዘመን የኖሩ፣ ውስጣቸው የተለያየ የዶሮ ዓይነቶች ናቸው። በዚያ ላይ ከፈረንጆቹ 1950ዎቹ ወዲህ ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድ የሚባሉ የፈረንጅ ዘሮች ለገበሬው ሲታደሉ ኖረዋል፣ ብዙ ቦታ ተቀላቅለዋል። ስለዚህ «መቶ በመቶ ንጹህ፣ ሰርተፊኬት ያለው» የሚል ሰው ገና ከመነሻው ሊሰጣችሁ የማይችለውን ነው የሚሸጥላችሁ። የምርምር ማዕከሉ ዘር ነው ካለ ደግሞ ከማዕከሉ የተረከበበትን ሰነድ ያሳያችሁ፤ እናንተም ቢሾፍቱ ሄዳችሁ ማዕከሉን ጠይቁ። እኔ ይህንን ሁሉ ያደረግኩት ከከሰርኩ በኋላ ነው።

ሂሳቡንም ቁጭ ብላችሁ ሥሩት፤ እኔ ዘግይቼ ሠርቼው ነው የደነገጥኩት። ሻጩ በሳምንት 500 የሆሮ ጫጩት አቀርባለሁ ይላል። በዓመት 26,000 መሆኑ ነው። ያልተሻሻለች የሀበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው የምትጥለው፤ ያውም በሦስት በአራት ዙር፣ በመሀል እየታቀፈች። ሁሉም እንቁላል ይፈልፈል እንኳ ብንል፣ ይህ ሰው ከ430 እስከ 650 የሚሆኑ እናት ዶሮዎችና የሚመጥኗቸው አውራዎች ሊኖሩት ይገባል። ሁሉም ደግሞ አይፈለፈልም። የተሻሻለው ሆሮ ከዚህ በላይ ይጥላል፤ ቢሆንም ከመቶ በላይ እናት ያስፈልጋል። ታዲያ የት ናቸው? የእናቶቹ አንድ ፎቶ እንኳ የለም፤ ማስታወቂያው ላይ ያለው አንድ የሚያምር ቀይ አውራ ብቻ ነው።

ብሬን ለማስመለስ ሞከርኩ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ብሩ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። እኔ የነቃሁት ከሰማንያ ቀን በኋላ ነው። ደረሰኝ የለኝም። አዋጁ ሸማች የሚለው ደግሞ ለራሱና ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን እንጂ ለንግድ የሚገዛውን አይደለም፤ ስለዚህ እንቁላል ለመሸጥ የምትገዙ ከሆነ በዚህ በኩል አትተማመኑ፣ የሽያጭ ውል ጻፉ። ውሉ ላይ የዘሩ ስም፣ የወንድና የሴት ብዛት፣ የተፈለፈሉበት ቀን ይግባ። ጫጩቶቹን በተረከባችሁበት ቀን አንድ በአንድ ፎቶ አንሷቸው፤ ራሳቸውንና እግራቸውን። ዶሮ የሚያውቅ ትልቅ ሰው ጎረቤት ካለ በዚያው ቀን ጥሩ። አክስቴን ጥቅምት 8 ላይ በቪዲዮ ብደውልላት ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ሻጩ ስደውልለት መጀመሪያ «ገና ልጅ ናቸው፣ መልካቸው ይለወጣል» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ስልኬን ዘጋብኝ።

ሆሮን ከልባችሁ የምትፈልጉ ከሆነ ከጫጩት ይልቅ ከእንቁላል ጀምሩ። ርካሽ ነው፤ ቢሳሳት እንኳ ኪሳራው ትንሽ ነው። አካባቢው ላይ ዘመድ ወይም የምታምኑት ሰው ካለ፣ አውራና እናት አብረው ከሚውሉበት ጓሮ፣ ከተጣለ ሳምንት ያልሞላው እንቁላል ያምጣላችሁ። የሀበሻ ዶሮ እንቁላል ትንሽ ነው፣ 40 ግራም አካባቢ። 60 ግራም የሚመዝን ቡናማ እንቁላል «የሆሮ» ከተባላችሁ ተዉት፤ የፈረንጅ ነው፤ አውራ አጠገቧ ካልነበረ ደግሞ ጭራሽ አይፈለፈልም። ሲጓጓዝ ሹሉ ጫፍ ወደ ታች ይሁን፣ ዙሪያው ጭድ ይደረግበት። እንደደረሰ ቶሎ አታሳቅፉት፣ አንድ ቀን ይረፍ።

አክስቴ ከተመለሰች በኋላ 12 እንቁላል በጫማ ካርቶን ጭድ ውስጥ አድርጋ በአውቶቡስ ላከችልኝ። ከጎረቤቴ የታቀፈች ዶሮ ተውሼ አስታቀፍኳት። በሰባተኛው ቀን ማታ መብራት አጥፍቼ እንቁላሎቹን በስልኬ መብራት አየኋቸው። አሥሩ ውስጥ እንደ ሸረሪት እግር የተዘረጋ ቀይ ደም ሥር ይታያል፤ ሁለቱ ባዶ ናቸው። በ21ኛው ቀን ዘጠኝ ጫጩት ወጣ። አንዱ ጥቁር፣ ጀርባው ላይ ሁለት ቢጫ መስመር ያለው፤ አንዱ ቡናማ፤ አንዷ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት። ዘጠኙን ስም ሳልሰጣቸው በመልካቸው እለያቸዋለሁ።

ያ የቴሌግራም ቻናል ስሙን ቀይሯል። ቀዩን አውራ ግን አልቀየረውም፤ ከቆርቆሮ አጥር ፊት የቆመ፣ ጭራው ጥቁር፣ ከኋላው ሰማያዊ ጀሪካን ያለበት ፎቶ ነው። ያንን ፎቶ አይታችሁ ቀብድ የከፈላችሁ ካላችሁ፣ ቀሪውን ብር ከማስገባታችሁ በፊት ዛሬውኑ ደውሉና እናቶቹን በቪዲዮ አሳየኝ በሉት።