ዛፍ በሌለበት በረሃ ሶላሬን ጥላ በላው

አርቪያችን፣ ማለትም እንደ ቤት የምናድርበት መኪናችን ላይ ሶላር ካስገጠምን ወዲህ ሙቀቱንም ብርዱንም አይተንበታል። አሁን አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ። መግዛቴን አልጸጸትበትም፤ ማንም ቢመጣ እሟገትለታለሁ። አገጣጠሙ ግን አንጀቴን አሳርሮታል፣ ንዴቱም እስካሁን አልበረደልኝም። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው በአብዛኛው ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ጥላ።

መጀመሪያ ምን እንዳለን ልንገራችሁ። የምንኖረው ላስ ቬጋስ ነው። መኪናው ባለ 24 ጫማ፣ ከሾፌሩ በላይ አልጋ ያለው ሞተር ሆም ነው። ጣሪያው ላይ እያንዳንዳቸው 100 ዋት የሆኑ 4 ፓኔሎች አሉ። ከሶፋው ስር እያንዳንዳቸው 100 አምፒር ሰዓት የሚይዙ 2 ሊቲየም ባትሪዎች ተቀምጠዋል። ሁለቱም ሲሞሉ 2,500 ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። በመሃል ደግሞ ከፓኔሉ የሚመጣውን ኃይል ለባትሪው በሚስማማው ልክ የሚያስተካክል፣ ኤምፒፒቲ የሚባል ቻርጅ ኮንትሮለር አለ። በዚህ የምናሠራው ፍሪጁን፣ መብራቱን፣ የውሃ ፓምፑን፣ ስልኮቹንና የጋዝ ማሞቂያውን ነፋሻ ነው። በብርድ ወቅት እነዚህ ብቻ በ24 ሰዓት ውስጥ 1,000 ዋት ሰዓት ያህል ይወስዳሉ። በዚህ ሶላር ቀኑን ሙሉ ኤሲ (የአየር ማቀዝቀዣ) አሠራለሁ ብሎ የሚያስብ ካለ ይቅርበት።

ያስገጠምነው ጁላይ ውስጥ ነው። ወሩን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ። የድርጅቱ ቴክኒሻን በቀትር ፀሐይ ስልኩን አውጥቶ ቁጥሩን አሳየን። ከ300 ዋት በላይ ይላል። ባለቤቴም ልጆቼም አዩ፣ ሁላችንም ደስ አለን። በዚያ ሙቀት ባትሪው ገና ቀትር ሳይደርስ ይሞላ ነበር። ስለዚያ ጊዜ ሌላ የምለው የለኝም። ሁሉም ነገር ደህና ነበር።

ጉዱ የመጣው ዲሴምበር ላይ ነው። የልጆቹ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቫሊ ኦፍ ፋየር ከሚባለው ፓርክ አጠገብ፣ በኦቨርተን በኩል ወዳለው የፌዴራል መሬት ወጣን። የሚያስተዳድረው ቢኤልኤም የሚባለው የመንግሥት መሬት አስተዳደር ቢሮ ነው። አይከፈልበትም፣ እስከ 14 ቀን መቆየት ይቻላል። ውሃና መብራት ግን የሚባል ነገር የለም። ጠጠርና ድንጋይ ብቻ ነው። ዓይን እስከሚያይ ድረስ አንድ ዛፍ የለም። ሰማዩም ደመና አልነካውም። እንዲህ እያለ ባትሪው ከቀን ወደ ቀን ወረደ። ጠዋት ከነበረበት ማታ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሌሊቱን ደግሞ ከዚያ በላይ ይወርዳል።

በመጨረሻ ሌሊት ላይ ባትሪው ራሱን አጠፋ። ጋዙ ሙሉ ነው፣ ነፋሻውን የሚያስነሳ ኃይል ግን የለም። ማሞቂያው ቆመ። የበረሃ ሌሊት በዲሴምበር ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከባለቤቴ ጋር ልጆቹን ወደ አንድ አልጋ ሰብስበን ጋቢ ደራረብንባቸው። ትንሹ ልጄ «አባዬ፣ ሶላሩ ተበላሸ እንዴ?» ሲለኝ የምመልስለት አጣሁ።

ሲነጋ መኪናውን አስነስቼ ባትሪውን ትንሽ ቻርጅ ካደረግሁት በኋላ ስልኬን ይዤ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት አልፏል። ጣሪያው ላይ የቆመው የኤሲው ሳጥን ጥላውን ሁለት ፓኔሎች ላይ ዘርግቷል። አንዱን ከግማሽ በላይ ሸፍኖታል፤ ሌላውን በጠርዙ ነክቶታል። ፓኔሎቹ የተገጠሙት ኤሲውን ከብበው፣ ከፊትም ከኋላም አንድ ስንዝር እንኳ ሳይርቁ ነው። መኪናውን ወደየትም አዙሬ ባቆመው ከአራቱ አንዱ ጥላ ውስጥ ይገባል።

እዚያው ቁጭ ብዬ እስከ ቀትር ጠበቅሁ። ጥላው አጠረ፣ ግን አልወጣም፤ አንዱን ፓኔል እንደያዘ ነው። ንጹህ ከሆኑት ሦስቱ በአንዱ ላይ አንድ ነገር ልሞክር ብዬ የኩኪስ ካርቶን ቀደድሁና የታችኛውን ጠርዝ በቀጭኑ ሸፈንሁት። ፓኔሉ 36 ትናንሽ ሴሎች አሉት፤ በ4 ረድፍ 9፣ 9 ሆነው የተደረደሩ ናቸው። የሸፈንሁት የመጨረሻዎቹን 4 ሴሎች ብቻ፣ ማለትም ከዘጠኝ እጅ አንዱን ነው። ስልኬ ላይ የሦስቱ ቁጥር ከ120ዎቹ ዋት ወደ 80ዎቹ ወረደ። የጠፋው የዘጠነኛው እጅ አይደለም፤ የሙሉ ፓኔል ኃይል ነው። ካርቶኑን ሳነሳው ተመለሰ። ስመልሰው ወረደ። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት፣ እሷም አንዴ ሸፍና አየችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፓኔሉ ውስጥ ያሉት ሴሎች አንዱ ከሌላው ጋር በመስመር የተያያዙ ናቸው። ፀሐይ ያጣ ሴል ለራሱ ብቻ አይቀርም፣ የመስመሩን ፍሰት ያንቃል። የአትክልት ውሃ ማጠጫ ቱቦን አንድ ቦታ ላይ ብትረግጡት ማለት ነው። ይህን ለማቃለል ባይፓስ ዳዮድ የሚባል ነገር አለ። ፍሰቱ የታነቀውን ክፍል ዘሎ እንዲያልፍ ያደርጋል። እንደኔ ባለ ፓኔል ላይ ግን ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው። እያንዳንዱ የፓኔሉን ግማሽ ይጠብቃል። ጥላው ሁለቱንም ግማሽ ከነካ ፓኔሉ እንዳለ ይዘለላል። በዚህ ላይ ቴክኒሻኑ አራቱንም ፓኔሎች በሲሪየስ፣ በአንድ መስመር አያይዟቸዋል።

አሁን ወደ ጁላይ ልመለስ። ኤሲው ከጣሪያው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ቬጋስ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 36 ዲግሪ ላይ ናት። በጁላይ ቀትር ፀሐይዋ 75 ዲግሪ አካባቢ ላይ ትሆናለች፤ ያ ኤሲ የሚጥለው ጥላ 8 ሴንቲ ቢሆን ነው። በዲሴምበር መጨረሻ ቀትር ግን 30 ዲግሪ ላይ ናት፣ ጥላው ግማሽ ሜትር ይሆናል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ አንድ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ያ ቴክኒሻን ቁጥሩን ሲያሳየን ጥላው ኤሲው ስር ተሸጉጦ ነበር። ዲሴምበር ሲመጣ ወጣ።

እኛ አገር ይህ ጣጣ የለም። አዲስ አበባ ላይ የቀትር ፀሐይ በታኅሣሥም ቢሆን ከ57 ዲግሪ በታች አትወርድም። ያው ኤሲ እዚያ ቢቆም ጥላው 20 ሴንቲ አይሞላም። ቤታቸው ላይ ሶላር ያላቸው ዘመዶቼን ብጠይቅ ስለ አቧራ እንጂ ስለ ጥላ አይነግሩኝም። እዚህ በየቀኑ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሚገጥም ሰው ግን ያውቀዋል። ማወቅም አለበት፣ እንጀራው ነው።

ወደ ድርጅቱ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ግቢያቸው ውስጥ በቀትር ፈተሹትና «ፓኔሉ ይሠራል» አሉኝ። እዚያ ስነጋገር የዋጥሁትን ሁሉ ዛሬ ልናገረው።

ወንድሜ ሻጩ፣ ፓኔሉ እንደሚሠራ እኔም አውቃለሁ። ፓኔሉን አልከሰስሁም። የከሰስሁት ያስቀመጥህበትን ቦታ ነው። «ጣሪያው ላይ ቦታ አልነበረም» ትለኛለህ። ከኋላ፣ በመሰላሉ በኩል፣ ሁለት ፓኔል የሚያስተኛ ባዶ ቦታ አለ። እዚያ ለመድረስ ረዘም ያለ ሽቦ መዘርጋት ነበረብህ፣ ያን ጊዜ አልፈለግህም። ቦታ ባይኖር እንኳ ሦስት ሽጥልኝ፤ ጥላ ውስጥ ከሚተኛ አራተኛ ፓኔል ፀሐይ የሚያገኙ ሦስቱ ይበልጡብኛል። «ደንበኛው 400 ዋት ነው የጠየቀው» ትለኛለህ። ደንበኛው የጠየቀህ በብርድ ወቅት በረሃ ላይ ፍሪጅና ማሞቂያ የሚያሠራ ነገር ነው። ገና ስንገናኝ የነገርሁህ ይህንኑ ነው። 400 የምትለው ቁጥር የላብራቶሪ ቁጥር ነው፤ ፓኔሉ 25 ዲግሪ ላይ ሆኖ ፀሐይ ፊት ለፊት ስታርፍበት የሚለካ። ጣሪያ ላይ ተጋድሞ በዲሴምበር ቀትር ጥላ ባይነካው እንኳ ከግማሹ በታች ነው የሚሰጠው። ይህን እኔ ሳልሆን አንተ ነበርህ መናገር ያለብህ።

መላውን ያገኘነው ኤሌክትሪሺያን ከሆነ አንድ ወዳጃችን ነው። ቡና ጠጥቶ ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ሜትር ዘረጋ፣ ጥላው እስከየት እንደሚሄድ በኖራ አሰመረ። ከዚያ ሁለቱን ፓኔሎች ነቅለን ወደ ኋላ አዛወርናቸው፣ የቀሩትን ሁለቱን ከኤሲው አራቅናቸው። አያያዡንም ቀየረው። አሁን ሁለት ሁለቱ በሲሪየስ ተጣምረው፣ ጥንዶቹ ደግሞ እርስ በርስ በፓራለል፣ ማለትም ጎን ለጎን በየራሳቸው መስመር ተያይዘዋል። አንዱ ጥንድ ጥላ ቢነካው ሌላው በሙሉ ኃይሉ ይሠራል። ሌላም ነገር አሳየኝ። አንዱ ፓኔል ጭነት ሳይኖርበት 22 ቮልት ገደማ ይሰጣል፣ አራቱ በአንድ መስመር 88 ይሆናሉ። ኮንትሮለሬ የሚችለው እስከ 100 ቮልት ነው። በብርድ ደግሞ የፓኔል ቮልት ይጨምራል። በጣም ቀዝቃዛ ጠዋት ላይ ወደ ወሰኑ እየተጠጋን ነበር ማለት ነው። አሁን 44 ቮልት ላይ ነን፣ ኮንትሮለሩም ተንፍሷል።

መሬት ላይ የሚዘረጋ 100 ዋት ተጣጣፊ ፓኔልም ጨመርን። የራሱ ትንሽ ኮንትሮለር አለው። ይህን እንዴት እንደወደድሁት ልነግራችሁ አልችልም። ወደ ደቡብ ቀና አድርጋችሁ ስታቆሙት በዲሴምበር ብቻውን ጣሪያ ላይ ከተጋደሙት የሁለቱን ያህል ይሰጣል። እሱን ከፀሐይዋ ጋር ማዞር የትልቋ ልጄ ሥራ ሆኗል። ጠዋት ወደ ምሥራቅ፣ ቀትር ላይ ወደ ደቡብ፣ ከሰዓት ወደ ምዕራብ። ነፋስ እንዳይገለብጠው እግሩ ላይ ድንጋይ ትጭንበታለች። ቁጥሩን ስልኬ ላይ እያየች «አባዬ፣ ዛሬ ከትናንት በለጥን» ትለኛለች።

ከዚያ ወዲህ ማሞቂያው ሌሊት ቆሞብን አያውቅም። ፌብሩዋሪ ላይ ዴዝ ቫሊ ሄደን ነበር። እዚያ ያለው ባድዋተር የሚባለው ቦታ ከባሕር ወለል በታች 86 ሜትር ላይ ነው፤ ጨዋማውን መሬት ሳይ አፋር፣ ዳሎል ትዝ አለኝ። ባትሪው ከቀትር ብዙም ሳያልፍ ሞላ። ማታ ቡና ቆልተን፣ መብራቱን አጥፍተን ተቀመጥን። ከፍሪጁ ትንሽ ድምፅ በቀር የሚሰማ አልነበረም።

ይህን የማነሳው ጄኔሬተር ለሚሉኝ ሰዎች ነው። በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ የማከብረው ወዳጄ «በዚያ ብር ሁለት ጄኔሬተር ትገዛ ነበር» ይለኛል። ጋሼ፣ ልክ ነዎት፣ እገዛ ነበር። ግን ቤንዚኑን ማን ይሸከማል? ዘይቱን ማን ይቀይራል? ብዙ ፓርክ ውስጥ ሌሊት ማስነሳት ክልክል ነው፣ እኛ ደግሞ ማሞቂያ የምንፈልገው ሌሊት ነው። ልጆቼ ኮከብ ሲያዩ አጠገባቸው ሞተር እንዲያጓራ አልፈልግም። ለዚህ ብዬ ነው ሶላር የገዛሁት፣ ዛሬም ብሆን እገዛዋለሁ።

የቀረውን ባጭሩ። ጣሪያው አልፈሰሰም፤ አሮጌዎቹን ቀዳዳዎች ወዳጃችን በጣሪያ ማሸጊያ ደህና አድርጎ ደፍኖልናል። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ እናብሳለን። ባትሪዎቹ ቤት ውስጥ ስለሆኑ ብርድ አልነካቸውም። ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ከተደረገ ስለሚጎዳ ውጭ ሳጥን ውስጥ አታስቀምጡት።

ልታስገጥሙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ገጣሚውን አንድ ነገር ጠይቁት፤ ዲሴምበር 21 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የኤሲው፣ የአንቴናውና የአየር ማስወጫው ጥላ የት እንደሚያርፍ ጣሪያዬ ላይ አሳየኝ በሉት። ማሳየት ካልቻለ ወይም «ብዙም ለውጥ የለውም» ካላችሁ ሌላ ጋ ሂዱ። ሌላ ካጣችሁ ደግሞ መሬት ላይ የሚዘረጋውን ብቻ ገዝታችሁ ጀምሩ።

እኔ ፓኔሎቹን ለማዛወርና ሽቦውን ለመቀየር ያወጣሁትን እንዲመልሱልኝ ለድርጅቱ በጽሑፍ አመልክቻለሁ። ጥላውን በየሰዓቱ ያነሳሁበትን ፎቶና የኮንትሮለሩን መዝገብ አያይዤበታለሁ። እስኪመልሱልኝ ድረስ አልተዋቸውም።