ርካሽ ላፕቶፕ ይዞ መማር፦ ከሁለት ሴሚስተር በኋላ

ስለ ርካሽ ላፕቶፖች የሚጻፈው ግምገማ በአብዛኛው ዕቃው ከካርቶኑ በወጣ ሳምንት የተጻፈ ነው። በዚያ ሳምንት ደግሞ የማይፈጥን ላፕቶፕ የለም። እኔ ግን የእኔን ሁለት ሴሚስተር ይዤው ዞሬያለሁ። አሳይመንት ሠርቼበታለሁ፣ ለፈተና አጥንቼበታለሁ፣ የምርምር ፕሮፖዛሌንም ጽፌበታለሁ። አሁን የምለው ነገር አለኝ።

ዕቃው ይሄ ነው፦ 15.6 ኢንች ስክሪን፣ ኮር አይ3-1215ዩ ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋ ራም (የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ሜሞሪ)፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ (ፋይል የሚቀመጥበት ፈጣን ማከማቻ)፣ ዊንዶውስ 11። አይ3 ከኮር ቤተሰብ ዝቅተኛው ስለሆነ ስሙን ሲሰሙ ፊታቸውን የሚያዞሩ አሉ። አታዙሩ። ይሄ ቺፕ 6 ኮር (ሥራውን የሚካፈሉ የስሌት ክፍሎች) አለው። ወርድ፣ ኤክሴል፣ ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ፕሮግራም)፣ ለኮርስ የሚሆን የፓይተን ኮድ፣ ሁሉንም ያለ ችግር ይሸከማል። 3ዲ ዲዛይን ወይም ከባድ የቪዲዮ ኤዲቲንግ የሚሠራ ተማሪ ግን ሌላ ይፈልግ።

ጣጣው ያለው ራሙ ላይ ነው። 8 ጊጋ ለተማሪ ይበቃል ሲባል ትሰማላችሁ። ለመጀመሪያዎቹ ወራት እውነት ነው። የፕሮፖዛል ጊዜ ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ብራውዘሩ ላይ ሃያ ምናምን ታብ፣ ከጎኑ ወርድና ዞቴሮ (የማጣቀሻ ጽሑፎችን የሚያደራጅ ፕሮግራም)፣ ሁለት ሦስት ፒዲኤፍ፣ በዚያ ላይ ኦንላይን ክላስ። ታስክ ማናጀርን ስከፍት ሜሞሪው ከ90 በመቶ በላይ ሞልቶ አገኘዋለሁ። ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ስለሌለው ለምስሉም የሚቆርሰው ከዚያው ራም ነው። ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ኤስኤስዲው ይገፋዋል። ኤስኤስዲ ደግሞ የቱንም ያህል ቢፈጥን ራምን አያህልም። ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ስትሻገሩ ቀጥ ይላል። የጻፋችሁት ፊደል ዘግይቶ ይመጣል። ማስረከቢያ ቀን ሲደርስ ይሄ ልብ ያደርቃል።

ያዳነኝ ውስጡ ያለው ባዶ የራም ማስገቢያ ነው። ላፕቶፑን አጥፍቼ ቻርጀሩን ነቀልኩ። የሥር ክዳኑን ብሎኖች ፈትቼ ዙሪያውን በቀጭን ፕላስቲክ ቀስ እያልኩ አላቀቅኩ። የባትሪውንም ሶኬት ነቀልኩ። ከዚያ ሁለተኛውን 8 ጊጋ ዲዲአር4 ራም ጋደል አድርጌ አስገብቼ ወደ ታች ስጫነው በግራና በቀኝ ያሉት መያዣዎች ቋ ብለው ያዙት። ተረጋግቶ ለሠራ ሰው ከግማሽ ሰዓት አያልፍም። ያው ላፕቶፕ ነፍስ ዘራ። ሁለት ራም አብረው ሲሠሩ የመረጃ መተላለፊያው ስለሚሰፋ ምስሉም ያን ያህል አይንገጫገጭም።

ስለዚህ ርካሽ ላፕቶፕ ልትገዙ ከሆነ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ራም ይጨመርበታል ወይ?» ይሁን። ብዙ ስስ ሞዴሎች ላይ ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። በገዛችሁት መጠን ትመረቃላችሁ። 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ኢኤምኤምሲ (ከኤስኤስዲ የሚዘገይ ርካሽ ማከማቻ) ያለውን ደግሞ ምንም ያህል ቢረክስ አትውሰዱት። ያ ዊንዶውስ 11 ለመጫን የሚጠይቀው ዝቅተኛው መጠን ነው። ለእናንተ ሥራ የሚተርፍ ቦታ የለውም።

ራም ይጨመራል፤ ስክሪን ግን በቀላሉ አይቀየርም። የእኔ ቲኤን ፓነል የሚባለው ርካሹ የስክሪን ዓይነት ነው። 1920 በ1080 ስለሆነ ጽሑፉ ጥርት ያለ ነው። ነገር ግን ክዳኑን ትንሽ ወደ ኋላ ስታጋድሉት ቀለሙ ይገረጣል፣ ወደ ፊት ስትመልሱት ይጠቁራል። ከጓደኛ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ አንድ ስላይድ ማየት ፈተና ነው። አንዱ ሲታየው ለሌላው አይታየውም። ግራፍ ላይ ያለ ቢጫ መስመር ነጩ ውስጥ ይጠፋል። ቀን መስኮት አጠገብ ከተቀመጥኩ ብርሃኑን እስከ ጥጉ ጨምሬም ዐይኔን አጥብቤ ነው የማነበው። ተማሪ ቀኑን ሙሉ የሚያፈጠው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀላል ነገር አይደለም። ትንሽ ተጨምሮ አይፒኤስ (ከጎን ሲታይም ቀለሙ ብዙ የማይለወጥ ስክሪን) የሚገኝ ከሆነ ያንን ውሰዱ፣ ፕሮሰሰሩ አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ቢሆን እንኳ።

ባትሪው አዲስ ሳለ ለጽሑፍ ሥራ ስድስት ሰዓት ገደማ ይቆይ ነበር። አሁን ወደ አምስት ወርዷል። ኦንላይን ክላስ ካለ ሦስትም አይሞላ። ሊቲየም ባትሪ ማርጀቱ አይቀርም፤ ሙቀትና ሁልጊዜ 100 በመቶ ላይ መዋል ደግሞ ያፋጥኑታል። ከላፕቶፑ ጋር የመጣው ፕሮግራም ቻርጁን 80 በመቶ ላይ የሚያቆም አማራጭ አለው፤ ቤት ስውል እሱን አብርቼ እተወዋለሁ። የሚያናድደኝ ቻርጀሩ ነው። ክብ ጫፍ ያለው፣ ለዚህ ላፕቶፕ ብቻ የሚሆን ነው። ዩኤስቢ-ሲው ዳታ እንጂ ቻርጅ አይቀበልም። ቻርጀር ረስታችሁ ከወጣችሁ ከጓደኛ መዋስ የለም።

ኪቦርዱ ለረጅም ጽሑፍ ይመቻል፣ መብራት ግን የለውም። ካሜራው 720ፒ ነው፤ ለክላስ ይበቃል። ማጠፊያው እስካሁን አልላላም። አየር የሚስበው ከሥሩ ስለሆነ አልጋ ላይ አስቀምጣችሁ አትሥሩበት፣ ይታፈናል።

256 ጊጋው አሁን በተቀዱ ሌክቸሮች እየሞላ ነው። የቆዩትን ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ማዛወር ጀምሬያለሁ። የኤስኤስዲው ማስገቢያ ኤም.2 የሚባለው መደበኛ ዓይነት ስለሆነ በሚቀጥለው እረፍት በ512 ጊጋ ልቀይረው አስቤያለሁ።