የዱሮው ሜሎድራማ፦ በአዳራሽ ወይስ በኮንዶሚኒየም ግቢ?

ሜሎድራማ፣ ማለትም ክፉና ደጉ በግልጽ የሚለዩበት፣ ስሜቱ የተጋነነ ትያትር፣ ዝም ተብሎ የሚታይ አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ ተመልካቹ ክፉው ሰው ብቅ ሲል ይጮህበት፣ ጀግናውን በጭብጨባ ይቀበለው ነበር።

ታዲያ እንዲህ ያለ ትያትር ማሳየት የሚፈልጉ የየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም (አዲስ አበባ) ልጆች የት ያሳዩት?

የወጣት ማዕከል አዳራሽ መድረክና መብራት አለው። ዝናብም አያሰጋም። ግን ሰው በረድፍ ሲቀመጥ ወዲያው ጭምት ይሆናል፤ ብሔራዊ ትያትር የገባ ይመስል።

ግቢው ሌላ ነው። እናቶች ዱካ ይዘው ይወርዳሉ። ልጆች መሬት ላይ ዘርፈጥ ይላሉ። አራተኛ ፎቅ ያለው ደግሞ ከበረንዳው ያያል። የሜሎድራማ የታወቀው ክፉ ሰው ማን ነው? አከራይ! «ኪራዩን ካልከፈላችሁ ልጃችሁን ዳሩልኝ» ሲል እዚህ ሰፈር ማን ዝም ይላል? «ኧረ ተው!» ከየበረንዳው ይዘንባል። ጀግናው ሲደርስ እልልታው ይቀልጣል። ይህን አዳራሽ ውስጥ አታገኙትም።

ችግሩ ድምፅ ነው። ተዋናዮቹ እጃቸውንም ድምፃቸውንም ማጋነን አለባቸው፤ ሜሎድራማ ደግሞ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ግቢው ውስጥ ለቅሶ ካለ ግን ትያትሩ ለሌላ ቀን ይተላለፍ።

እኔ ክረምት ላይ አዳራሹን፣ ከጥቅምት በኋላ ያለምንም ማመንታት ግቢውን እመርጣለሁ።